«ቀጭ ማድረግ ብቻ ነው» ስለ ፎቶ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ፎቶ ማንሳት ቀላል ሆኗል፣ አይካድም። ከቀለለ በኋላ ግን የምናወራቸው አንዳንድ ነገሮች ልክ አይደሉም።

«ሜጋፒክስሉ ሲበዛ ፎቶው ያምራል።» ሞባይል ሻጮች የሚወዷት አባባል ናት። ሜጋፒክስል ማለት ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት በሚሊዮን ሲቆጠር ነው። ኤ4 ወረቀት ላይ ጥርት አድርጎ ለማተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። የሚለየው ብርሃኑ፣ ሌንሱና የሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ስፋት ነው። ለማንኛውም መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉት፤ የጣት ቅባት ነው ያለው።

«ኤዲት ካልተደረገ ፎቶ አይዋሽም።» ኧረ ይዋሻል! እ.ኤ.አ. በ1838 ዳጌር የሚባል ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ አንድ ትልቅ ጎዳና ከላይ ሆኖ አነሳ። መንገዱ ሰውና ጋሪ የሚተራመስበት ነው፣ ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል፤ ምክንያቱም ያኔ አንድ ፎቶ ለማንሳት ደቂቃዎች ስለሚፈጅ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ሳይታይ ቀረ። ጎልቶ የወጣው አንድ እግሩን አንስቶ የቆመ ሰውዬ ነው፣ ጫማ እያስጠረገ ይመስላል። ፎቶ ላይ በመታየት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ ምስጋናው ለሊስትሮው! የዛሬው ስልክም አንዴ ስትጫኑት ብዙ ፎቶ አንስቶ፣ አዋህዶ፣ ጨለማውን አብርቶ ነው የሚሰጣችሁ። ማንም ሳይጠይቀው።

«ካነሳሁት አልረሳውም።» እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ሙዚየም የገቡ ተማሪዎችን ፈትኖ ነበር። ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ፎቶ ያነሱት፣ ዝም ብለው ካዩት ይልቅ ያነሱትን ረስተው ተገኙ። ዙም አድርገው አንድ ክፍሉን ያነሱት ግን አልረሱም። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን በስልክ ስክሪን ብቻ የምታዩ፣ ስሙ።

«ስልኬ ላይ አለ፣ አይጠፋም።» ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፤ ይሄ የታወቀ ነው። የባሰው ፎቶው እያለ መጥፋቱ ነው። የድሮ ፎቶ ገልብጣችሁ ካያችሁ ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለውድ እህቴ ለማስታወሻ» ተብሎ፣ ከሥሩ ስም፣ ቦታና ቀን ሰፍሮ ታገኛላችሁ። የእኛ የእማማ ፎቶ ግን በባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾትና በደህና እደሩ ምስሎች መሃል ተቀብሮ ነው ያለው፣ አጠገባቸው የቆሙት ሰውዬ ማን እንደሆኑም አይታወቅም። እማማ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸውና የሰውዬውን ስም ጻፉበት። ለወንድም ለእህት ስትልኩ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል።