ሰውን ማመን ቀብሮ ነውን?

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ተረት የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሲነገር ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን፣ በእግዚአብሔር እናምናለን የምንል እንኳ፣ ሳይታወቀን የኑሯችን መመሪያ አድርገነዋል። አንድ ሰው ደግነት ሲያደርግ «ምን ፈልጎ ይሆን?» እንላለን፤ ሲያለቅስ «ለታይታ ነው» እንላለን፤ ከክፉ መንገዱ ተመለሰ ሲባል «እስቲ ሰንብተን እናያለን» ብለን ከንፈራችንን እንመጣለን። ይህን ስንል የበደልን አይመስለንም። እንዲያውም የበሰልን፣ ሰው ያወቅን፣ ከእንግዲህ ማንም በቀላሉ የማያታልለን እንደ ሆንን ይሰማናል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ የልብ ዝንባሌ ነው፤ የምጽፈውም ከበሽታው እንደ ዳነ ሐኪም ሳይሆን አሁንም መድኃኒቱን እንደሚወስድ ሕመምተኛ ነው።

ተራ ጥርጣሬ ይህን ያህል አይከፋም። የሚጠራጠር ሰው ገና ይጠይቃል፣ መልስም ይጠብቃል። እኔ የምናገርለት ዝንባሌ ግን ጥያቄውን ጨርሶ ፍርዱን የጻፈ ነው፤ ሥራው መልካም መሆኑን ባይክድም ከሥራው በስተጀርባ ያለውን አሳብ ያረክሳል። በመጽሐፍ ቅዱስ ይህን አነጋገር ከሁሉ አጥርቶ የተናገረው ሰይጣን ነው። እግዚአብሔር ስለ ኢዮብ ቅንነት በመሰከረ ጊዜ ከሳሹ «ኢዮብ ይሰርቃል» ወይም «ይዋሻል» አላለም። «ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራው በከንቱ ነውን?» ብሎ ጠየቀ እንጂ (ኢዮ. 1፥9)። ዙሪያውን አጥረህ ስለ ጠበቅኸው፣ የእጁንም ሥራ ስለ ባረክህለት ነው፤ ጥቅሙ ሲቀር ፍርሃቱም ይቀራል ማለቱ ነበር። ይህን ክስ በሰው ልጅ ሁሉ ላይ መሰንዘር ይቻላል፤ የተከሰሰውም ሰው ልቡን ከፍቶ ማሳየት ስለማይችል በቃሉ ሊያስተባብለው አይችልም። ከሳሹን ብልህ የሚያስመስለውም ይኸው ነው።

በዳዊት ታሪክ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ሊቀባ ሄዶ ታላቁን ኤልያብን ባየ ጊዜ ቁመናው ማረከው፤ እግዚአብሔርም ሰው ፊትን እንደሚያይ፣ እርሱ ግን ልብን እንደሚያይ ነገረው (1ሳሙ. 16፥7)። ያ ዝነኛ ቃል የተነገረው በኤልያብ ምክንያት ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ዳዊት ወደ ጦር ሰፈሩ ሲመጣ ይኸው ኤልያብ ተቆጥቶ፣ ኩራትህንና የልብህን ክፋት አውቃለሁ፣ የመጣኸው ሰልፉን ለማየት ነው አለው (17፥28)። ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ እንደ ሆነ በተነገረበት ቤት ያደገው ሰው የወንድሙን ልብ አውቃለሁ አለ። የሚያሳዝነው ግን ዳዊት የመጣው አባቱ ልኮት መሆኑ ነው፤ ያመጣውም የተጠበሰ እሸትና 10 እንጀራ ለወንድሞቹ፣ ለኤልያብም ጭምር ነበር። ስንቁን ይዞ የመጣለትን ሰው ነው የሰደበው።

እንዲህ ያለው ፍርድ ስሕተት ብቻ ሆኖ ቢቀር ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። ነገር ግን የፈራውን ነገር ራሱ የመውለድ ኃይል አለው። የአሞን ንጉሥ ናዖስ በሞተ ጊዜ ዳዊት ለልጁ ለሐኖን ቸርነት ላደርግ ብሎ የሚያጽናኑትን መልእክተኞች ላከ (2ሳሙ. 10)። የሐኖን አለቆች ግን ዳዊት አባትህን ሊያከብር የላካቸው ይመስልሃልን፣ ከተማይቱን ሊሰልሉ ነው እንጂ አሉት። በእውነቱ እነዚህ አለቆች ሞኞች አልነበሩም፤ ዳዊት ሞዓብን እንዳስገበረና የሱባን ንጉሥ እንደ መታ ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብለን እናነባለን። ለሥጋታቸው ማስረጃ ነበራቸው፤ ሆኖም ተሳስተዋል። ሐኖን የመልእክተኞቹን ጢም በግማሽ ላጭቶ፣ ልብሳቸውን እስከ ወገባቸው ቆርጦ ሰደዳቸው። ከዚያም አሞናውያን በዳዊት ዘንድ እንደ ተጠሉ ባዩ ጊዜ ከሶርያውያንና ከአካባቢው በጠቅላላው 33,000 ተዋጊዎችን ቀጠሩ፤ ጦርነትም ሆነ፣ ተሸነፉም። እንግዲህ ማጽናኛ የያዘ እንግዳ በመጣበት ደጅ ጠላትን የሠራው ጥርጣሬው ራሱ ነው። ሐኖን ከጦርነቱ በኋላ «አላልኋችሁም?» ሳይል የቀረ አይመስለኝም፤ መጽሐፉ ይህን ባይነግረንም እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን እል ነበር።

ይህን በድፍረት የምናገረው ብዬው ስለማውቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጉባኤ በራቅሁበት ወቅት አንድ ወንድም በየሳምንቱ ይደውልልኝ ጀመር። እንዴት ነህ ይለኛል፣ ጥቂት ያጫውተኛል፣ ይሰናበተኛል። እኔ ግን በእያንዳንዱ ጥሪ ገንዘብ የሚጠይቅበትን ወይም የሆነ ሥራ የሚያሸክመኝን ሰዓት እጠብቅ ነበር። ጥያቄው ሲዘገይ ጥርጣሬዬ ጨመረ፤ መልሴም አጠረ። በመጨረሻ መደወሉን ተወ፤ እኔም በልቤ «ይኸው፣ እንደማይዘልቅበት አውቄ ነበር» አልሁ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ከእኔ የፈለገው አንዳች ነገር አልነበረም፤ መራቄ አሳስቦት ብቻ ነበር። መደወሉን የተወው ፍቅሩ አልቆ ሳይሆን የእኔ ቅዝቃዜ አሸንፎት ነበር።

ይህ ዝንባሌ ሁልጊዜ ከትዕቢት ይወለዳል ማለት ግን ከባድ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ከድካም ይወለዳል። ኤልያስ በኮሬብ ሆኖ «እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ» ባለ ጊዜ እውነቱ ከዚህ የተለየ መሆኑን ጨርሶ ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አብድዩ መንገድ ላይ አግኝቶት፣ ኤልዛቤል ነቢያትን ስታስገድል እርሱ 100 ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ እንደ ሸሸጋቸው፣ እንጀራና ውኃም እንደ መገባቸው ነግሮታል (1ነገ. 18፥13)። ኤልያስ በጆሮው ሰምቷል፤ ነገር ግን የተጎዳ ልብ የሰማውን መልካም ወሬ ሊይዝ አይችልም። እግዚአብሔር እንዴት እንዳከመው ማየት ይገባናል። በመጀመሪያ አልገሠጸውም፤ አስተኛው፣ እንጀራና ውኃ ሰጠው፣ ደግሞም አስተኛው፣ ዳግመኛም መገበው። ከረጅም መንገድ በኋላ አነጋገረው፤ ቅሬታውንም ሁለት ጊዜ አስደገመው። ከዚያም ሥራ ሰጠው፣ ኤልሳዕን የሚያህል ባልንጀራ ሰጠው፣ በመጨረሻም ለበኣል ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው። አንድ ብሎ ቆጥሮ የነበረው ነቢይ በ6,999 ተሳስቶ ነበር። እኛም «ዛሬ እውነተኛ ክርስቲያን የት አለ?» ስንል ሰውን ከመቁጠራችን በፊት ምን ያህል ሌሊት በቅጡ እንዳልተኛን፣ ከስንት ሰው ጋር እንደ ተጣላን፣ ቍስላችንን ለማን እንዳልነገርን ብንጠይቅ ይሻላል።

አሁን አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል፤ ሰው በእውነት ይበድላል፣ ያታልላል፣ በበጎች መካከል ተኩላ ይገባል፤ ታዲያ ዓይናችንን ጨፍነን እንኑርን? የተከዳ፣ ገንዘቡን የተበላ፣ በሚያከብረው ሰው የተጎዳ ወገን «ሰውን በበጎ ተመልከት» ሲባል ቍስሉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ያህል ሊሰማው ይችላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኔ እንደማስተውለው አመኔታና ተስፋ ሁለት ነገሮች ናቸው። አመኔታ ሰውየው ባደረገው ላይ ይቆማል፤ በጊዜ ይገነባል፣ ሊፈርስም ይችላል፣ ለፈረሰበት ሰው ወዲያው የመመለስ ግዴታ የለብንም። ተስፋ ግን እግዚአብሔር በዚያ ሰው ሊያደርግ በሚችለው ላይ ይቆማል። ጌታችን በኢየሩሳሌም ብዙዎች በስሙ ባመኑ ጊዜ ራሱን አልሰጣቸውም፤ በሰው ያለውን ያውቅ ነበርና (ዮሐ. 2፥24-25)። ሰውን ከእርሱ ይልቅ አጥርቶ ያወቀ ማንም የለም። ይኸው እርሱ ግን አሳልፎ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ እያወቀ ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ ይሁዳም ገና ከማዕዱ አልወጣም ነበር (ዮሐ. 13)። ስለዚህ የሰውን ክፋት ማወቅ ልብን ማድረቅ አለበት የሚለው አባባል በክርስቶስ ፊት አይቆምም።

የበርናባስም ነገር ይህን ያስረዳል። ሳውል፣ ኋላ ጳውሎስ የተባለው፣ ከደማስቆ መልስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርት ፈሩት፤ መፍራታቸውም አያስወቅሳቸውም፣ በየቤቱ እየገባ ወንዶችንና ሴቶችን እየጎተተ ወደ ወኅኒ ያገባ የነበረ ሰው ነውና። በርናባስ «ያለፈውን እንርሳ» የሚል ስብከት አላቀረበም። ሳውልን ይዞ ወደ ሐዋርያት ወሰደው፤ ጌታን በመንገድ እንዴት እንዳየ፣ በደማስቆም በኢየሱስ ስም ደፍሮ እንደ ተናገረ አስረዳ (ሐዋ. 9፥27)። ተስፋው ድካም ነበረበት፤ ቀርቦ ጠይቋል፣ ሰምቷል፣ ምስክር ሆኖ ቆሟል፣ የራሱንም ስም አስይዟል። ዓመታት አልፈው ይህ በበርናባስ ምስክርነት የተቀበሉት ጳውሎስ፣ በጵንፍልያ ትቷቸው የተመለሰውን ማርቆስን አልወስድም ማለቱ ይገርማል፤ ምሕረት የተቀበለ ሰው እንኳ ሲያዝን ሊጨክን ይችላል። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ሄደ። በሕይወቱ መጨረሻ ጳውሎስ ራሱ ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ብሎ ለጢሞቴዎስ ጻፈ (2ጢሞ. 4፥11)።

ፍቅር «ሁሉን ያምናል፥ ሁሉን ተስፋ ያደርጋል» የሚለውን ቃል በሠርግ ላይ ስለምንሰማው ለስላሳ ሆኖብናል። ቃሉ የተጻፈው ግን እርስ በርሳቸው ለተከፋፈሉ፣ በፍርድ ቤት ለሚካሰሱ፣ በጌታ እራት ላይ እንኳ አንዱ ሲራብ ሌላው ለሚሰክርባት ለቆሮንቶስ ጉባኤ ነው። ጳውሎስ ይህን ሁሉ እያወቀ ደብዳቤውን የጀመረው ስለ እነርሱ እግዚአብሔርን በማመስገን ነው፤ እስከ ፍጻሜም የሚያጸናቸው የታመነው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ጨመረበት (1ቆሮ. 1፥4-9)። ከዚያ በኋላ ነው ነቀፋው የመጣው፤ ነቀፋውም ከባድ ነበር። ተስፋ ያለው ሰው ይገሥጻል፣ ሊለወጥ እንደሚችል ያምናልና። ተስፋ የቆረጠ ሰው ግን ያሽሟጥጣል እንጂ አይገሥጽም።

በተግባር ምን እናድርግ ለሚል ሰው ብዙ የምለው የለኝም፤ ለእኔ የረዳኝን ብቻ ልናገር። በክፉ የምተረጉመውን ሰው በስሙ እየጠራሁ መጸለይ ጀመርሁ፤ በእግዚአብሔር ፊት ስሙን እየጠሩ በሰው ፊት ማብጠልጠል ቀስ በቀስ ይከብዳል። ደግሞም የሰው አሳብ ምን እንደ ሆነ በልቤ ስወስን፣ ያንኑ ነገር እኔ ባደርገው ኖሮ ለራሴ ምን ምክንያት እሰጥ ነበር ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር መልስ አገኛለሁ፤ ለራሴ የምሰፍርበት ቍና ሰፊ ነው። ያንን ወንድምም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱ ግን ረስቶታል።

ከሁሉ ይልቅ የረዳኝ ግን የፊልጶስ አጭር መልስ ነው። ናትናኤል ስለ ኢየሱስ ሲነገረው «ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» አለ። ፊልጶስ አልተከራከረውም፤ ስለ ናዝሬትም ጥብቅና አልቆመም፤ «መጥተህ እይ» አለው። የናትናኤል ትልቅነት መነሣቱ ነው፤ ንቀቱን እንደ ያዘ ተነሥቶ ሄደ። ጌታም መንደሩን የናቀውን ሰው ገና ሲመጣ ባየው ጊዜ ስለ እርሱ እውነተኛውንና መልካሙን ተናገረ፤ ተንኮል የሌለበት የእስራኤል ሰው ነው አለው። ስሙን ዳግመኛ የምናገኘው ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ነው (ዮሐ. 21፥2)። ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳያጠምዱ ካደሩት ሰባቱ አንዱ እርሱ ነበር፤ ሲነጋም በከሰል እሳቱ አጠገብ ከናዝሬቱ ሰው እጅ እንጀራና ዓሣ ተቀበለ።