ወደ ጊት ከተዛወሩ በኋላ የኮድን ታሪክ መፈተሽ

አንድ ፕሮጀክት ቨርዥን ኮንትሮሉን፣ ማለትም የኮዱን ለውጦች የሚመዘግብለትን ሥርዓት፣ ሲቀይር የሚዛወረው ኮዱ ብቻ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደነካው የሚናገር የዓመታት መዝገብም አብሮ ይሄዳል። መዝገቡ ሳይጎድልና ሳይዛባ መድረሱን መፈተሽ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብዙ ቡድኖች ግን ይዘሉታል። ኮዱ ኮምፓይል ካደረገ (ወደሚሠራ ፕሮግራም ከተቀየረ) በቃ ይላሉ። አይበቃም!

የጂሲሲ ኮምፓይለር ጉዞ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ከሲቪኤስ ወደ ሰብቨርዥን፣ በጥር 2020 ደግሞ ወደ ጊት ገባ፤ ሦስቱም ቨርዥን ኮንትሮሎች ናቸው። ታሪኩ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ይጀምራል፤ በሰብቨርዥን የተመዘገቡት ለውጦች 280,000 ገደማ ነበሩ። ዝውውሩን የሠራው ሪፖሰርጀን በፓይተን የተጻፈ መሣሪያ ነበር። ይህን ሁሉ መሸከም ስላቃተው “ጎ” (Go) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። በሌላ መንገድ የተሠራ ተፎካካሪ ቅጂም ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ አንዱ የሌላውን ስህተት አጋለጠ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ዘዴ ይህ ነው፤ አቅሙ ያለው ሁለቴ ያዛውር።

ጊት ራሱ ይጠብቅልኛል ብሎ መተማመን የተለመደ ስህተት ነው። እርግጥ እያንዳንዱ ኮሚት (አንድ የተመዘገበ ለውጥ) ከይዘቱ፣ ከጸሐፊው፣ ከቀኑና ከወላጅ ኮሚቱ የተሰላ መለያ አለው። ፋይሉ ከገባ በኋላ ቢበላሽ ይታወቃል። ነገር ግን ገና ሲገባ የተሳሳተ ስም ይዞ ከሆነ፣ ጊት የተሳሳተውን ስም በታማኝነት ያስቀምጣል። የሚያዋጣው ከአሮጌው ማከማቻ ጋር ማስተያየት ብቻ ነው።

መነሻው እያንዳንዱን ታግ (ስም የተሰጠው የኮዱ እትም) እና የእያንዳንዱን ብራንች (ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) ጫፍ ከሁለቱም ወገን አውጥቶ ፋይል በፋይል ማወዳደር ነው። አንዳንዱ ልዩነት የሚጠበቅ ነው። ጊት ባዶ ፎልደር አይዝም። ሰብቨርዥን በፋይል ውስጥ ይሞላቸው የነበሩ የቀንና የስም ምልክቶችም ሳይሞሉ ይቀራሉ። የመስመር መጨረሻና ፋይሉን የማስኬድ ፈቃድ ሲለወጡ ግን ዝም ማለት አይገባም።

ሲቪኤስ የባሰ ነው። ለውጥን የሚመዘግበው በየፋይሉ ለየብቻ ነው። ስለዚህ ቀያሪው መሣሪያ ተመሳሳይ ጸሐፊ፣ ተመሳሳይ መልእክትና ተቀራራቢ ሰዓት ያላቸውን ሰብስቦ አንድ ኮሚት ያደርጋቸዋል። ይህ ግምት ነው፤ ናሙና እየወሰዱ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። በሰብቨርዥን ደግሞ ታግ ማለት የፎልደር ቅጂ ስለሆነ፣ ከወጣ በኋላ ሰው ነክቶት ሊሆን ይችላል።

የሰዎች ስም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የአንድን ሰው የዓመታት ድካም በሌላ ስም ማስፈር ትልቅ በደል ነው። ሰብቨርዥን የሚያውቀው ኮሚት ያደረገውን ብቻ ነው፤ ጊት ግን ጸሐፊውንና ያስገባውን ይለያል። የጂሲሲ ሰዎች እውነተኛ ጸሐፊዎቹን ፕሮጀክቱ ከሚይዛቸው የለውጥ ማስታወሻዎች ለቅመው አወጡ። የድሮውን የሰብቨርዥን ቁጥርም በየኮሚቱ መልእክት ግርጌ ተዉት። ስለዚህ አሮጌ የስህተት ሪፖርት ውስጥ አንድ ቁጥር ያገኘ ሰው ዛሬም ኮሚቱን ፈልጎ ያገኘዋል።

የሊነክስ ስርዓተ ክወና እምብርት የሆነው ሊነክስ ከርነል ሌላ መንገድ መረጠ። በሚያዝያ 2005 ወደ ጊት ሲገባ የቀድሞ ታሪኩን አላመጣም። የአንድን አሮጌ መስመር አመጣጥ የሚከተል ሰው ያችን የመጀመሪያ ኮሚት ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በፊት የነበረው በሌላ ማከማቻ ተቀምጧል፤ የሚፈልግ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን ያገናኛቸዋል።