ላብ ብቻውን አያቀዘቅዝም
ሲያልበን የሚያቀዘቅዘን ላቡ ይመስለናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ የሚያቀዘቅዘን የላቡ መትነን ነው። ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ጅማ ላይ ዝናብ ሊጥል ሲል አየሩ በእርጥበት ይሞላል። ያኔ ከሒርማታ ገበያ ዘንቢል ተሸክማችሁ ስትወጡ ግንባራችሁ ላይ ላብ ችፍ ይላል፣ ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ይጣበቃል፤ ሙቀቱ ግን ያው ነው። አየሩ እርጥበት ስለጠገበ ላቡ እንደልብ አይተንማ!

ቆዳ ሌላም ዘዴ አለው። ከሥሩ ያሉት ደቃቅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ሞቃቱ ደም ወደ ላይ ቀረብ ብሎ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይለቃል። እንዲህ ባለ ቀን ጥላና ነፋስ ፈልጉ፣ ሰፋ ያለ ልብስ ልበሱ። ውሃም ጠጡ፤ ተንጠባጥቦ የቀረው ላብ ባያቀዘቅዝም ከሰውነታችሁ የወጣ ውሃ ነው። አረጋውያንንና ሕፃናትን ደግሞ አደራ።