ኮክ በኦቭን፦ ስለ ኮብለር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮብለር በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እጅግ የሚወደድ ትኩስ ጣፋጭ ነው። ፍራፍሬና ሊጥ በአንድ ሳህን አብረው ይጋገሩና ለብ እንዳለ በማንኪያ እየተዛቀ ይበላል። በአትላንታና በዙሪያዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆንን በጎረቤት ማዕድ ወይም በሥራ ቦታ ግብዣ ላይ ሳናገኘው አንቀርም። እኔን ያስተማሩኝ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ናቸው። ሚዛንም መለኪያም አይዙም ነበር። ኮኩን አሽትተው፣ ሊጡን በማንኪያ አንሥተው ሲወርድ አይተው ይበቃቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ሌሎች ሲሠሩም አጠገባቸው ቆሜያለሁ። የሚበላሸው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በአንድ ነገር ነው፦ በውሃ። ኮክ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ ነው። ያ ውሃ መቼ እንደሚወጣ፣ ወጥቶ የት እንደሚሄድና ምን እንደሚይዘው ላወቀ ሰው ኮብለር ቀላል ሥራ ነው። ስለዚህ ምግብ ከምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች አብዛኞቹ ይህን ካለማወቅ የመጡ ናቸው።

«ቀይ ኮክ የበሰለ ኮክ ነው»

አይደለም። የኮክ ቅላት በአብዛኛው የዝርያውና ያገኘው የፀሐይ ብርሃን ውጤት ነው። ገና ጥሬ ሆኖ ፊቱ የቀላ ኮክ ሞልቷል። መታየት ያለበት ከቅላቱ ሥር ያለው ቀለም ነው፤ አረንጓዴው ጠፍቶ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ነጣ ያለ ክሬም ከተለወጠ በስሏል። ከዚያ በግንዱ በኩል ያለውን ትከሻውን በአውራ ጣት ቀስ አድርገው ይንኩት፣ ያሽትቱትም። መዓዛ የሌለው ኮክ ኦቭን ውስጥ ገብቶ መዓዛ አያወጣም።

ጥሬ ኮክ የገዛ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ማቀዝቀዣ ይወስደዋል። ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ያልበሰለ ኮክ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ሲሰነብት ሥጋው ጭማቂውን አጥቶ እንደ እርጥብ ዱቄት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም። ኮክን ጠረጴዛ ላይ ያቆዩት፤ ከቸኮሉ በወረቀት ከረጢት ይጠቅልሉት። ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያበስለዋል። ሲለሰልስ ግን ማቀዝቀዣ ለጥቂት ቀን ያቆየዋል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከዛፉ ከተቀጠፈ በኋላ ኮክ ይለሰልሳል፣ መዓዛውም ይወጣል እንጂ ስኳር አይጨምርም። ዛፉ ላይ ያላገኘውን ጣፋጭነት ጠረጴዛ አይሰጠውም።

«የአገራችን ኮክ ለዚህ አይሆንም»

ይህን ስሰማ አዝናለሁ። ኮክ ቀዝቃዛ ወራትን የሚፈልግ ዛፍ ነው፤ በአገራችንም ደጋውን የመረጠው ለዚህ ነው። በገበያችን የሚታየው ትንሹና ጠንከር ያለው ኮክ እንደ አሜሪካው ትልቅና ጭማቂ የሞላው አይደለም ተብሎ ይናቃል። ለመጋገር ግን ጠንካራነቱና ኮምጠጥ ማለቱ ጥቅም ነው። በጣም የበሰለና ውሃ የበዛበት ኮክ በሙቀት ይፈርሳል፤ ጠንካራው ቅርጹን ይይዛል፣ ኮምጣጣነቱም ስኳሩን ያስተካክለዋል።

እርግጥ ሥጋው ከዘሩ ጋር ስለሚጣበቅ ለሁለት ከፍሎ ማላቀቅ ያስቸግራል። አይታገሉት፤ በዘሩ ዙሪያ በቢላዋ እየቆረጡ ያንሡት። ከዚያ በትንሽ ስኳርና በጥቂት ውሃ ድስት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀቅለው ለስለስ ሲል ይጋግሩት። ጥሬውን ወደ ኦቭን ካስገቡት ሊጡ ቀድሞ ይደርስና ኮኩ እንደ ጥሬ ድንች ይቀራል።

«የታሸገ ኮክ የሰነፍ ሥራ ነው»

ለማሸግ የሚውለው ኮክ በአብዛኛው ሥጋው ከዘሩ የሚጣበቅና ጠንካራ የሆነው ዝርያ ነው፤ ቅርጹን የሚይዘውም ለዚህ ነው። የሚለቀመው ሲደርስ ነው፣ የሚታሸገውም ወዲያው። ወቅቱ ሳይደርስ ከሩቅ አገር በቅዝቃዜ ተጭኖ ከመጣ ጣዕም የለሽ ኮክ የታሸገውን ያለ ጥርጥር እመርጣለሁ። ሽሮፑን ግን በደንብ ያጥልሉት፤ ኮኩ ላይ የሚጨመረውን ስኳርም በግማሽ ይቀንሱ ወይም ይተዉት። ሽሮፑን ከነኮኩ የገለበጠ ሰው ያመጣው ችግር የታሸገው ኮክ ጥፋት አይደለም።

«ሳይላጥ አይጋገርም»

ይጋገራል። ልጣጩ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ቀለምም ይሰጣል። የልጣጩን ጸጉር የማይወድ ካለ ኮኩን ከሥሩ በመስቀል ምልክት ጫር አድርጎ በፈላ ውሃ ለ30 ሰኮንድ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ነው፤ በጣት ይላቀቃል። ተቆርጦ ሲቆይ መጥቆሩም መበላሸት አይደለም፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚሆን ነገር ነው። ሎሚ ጠብ ያድርጉበት።

«ስኳር በበዛ ቁጥር ይጣፍጣል»

ስኳር ውሃ ይስባል። ኮክ ከትፈው ስኳር ነስንሰውበት ግማሽ ሰዓት ቢያቆዩት ሳህኑ ሥር የተጠራቀመውን ጭማቂ ያያሉ፤ ያ ሁሉ ከፍሬው የወጣ ነው። ስኳሩ ሲበዛ ጭማቂው ይበዛል፣ ሊጡም ከሥሩ ይርሳል። ከዚህም ሌላ ትኩስ ምግብ ከቀዝቃዛ ይልቅ ለምላስ ጣፋጭ ሆኖ ይሰማል፤ ጥሬውን ቀምሰው «ትንሽ አነሰው» ካሉ ለብ ብሎ ሲበላ ልክ ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ኮክ 75 ግራም ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ እና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ሎሚውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ጣዕሙ ደብዘዝ ያለ ኮክን የሚያነቃው ግን ስኳሩ ሳይሆን ሎሚው ነው።

«ሊጡና ኮኩ በደንብ መዋሃድ አለባቸው»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ኮብለር የሞተው በማንኪያ ነው። የእኛ እጅ ማማሰል ለምዷል፤ ቁሌቱ፣ ሽሮው፣ ገንፎው ሁሉ ካልተማሰለ አይሆንም። ኮብለር ግን የሚወደው መተውን ነው።

ጎረቤቴ የሚሠሩበት፣ በደቡቡ በብዙ ቤት የሚታወቀው መንገድ ይህ ነው። 23 በ33 ሳንቲ ሜትር በሚሆን የመጋገሪያ ሳህን 115 ግራም ቅቤ አድርገው ኦቭን ውስጥ ያቅልጡ፤ እንዳይጠቁር ይከታተሉት። በሌላ ዕቃ 125 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ጥቂት ጨው ደባልቀው 240 ሚሊ ሊትር ወተት ይጨምሩ። ዱቄቱ ከወተቱ ጋር እስኪገናኝ ብቻ ያማስሉ፤ ትንንሽ ጓል ቢቀር ግድ የለም። አብዝተው ከመቱት በዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን ይጠነክርና ሊጡ እንደ ላስቲክ ይሆናል። ይህን ሊጥ በቀለጠው ቅቤ ላይ ያፍስሱ፤ አያማስሉ። ከዚያ አንድ ኪሎውን ኮክ፣ በስኳሩና በሎሚው ለአምስት ደቂቃ ያህል ከፈላ በኋላ፣ በማንኪያ በየቦታው ያድርጉበት። አሁንም አያማስሉ። በ180 ዲግሪ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይጋገራል።

ኦቭን ውስጥ የሚሆነው ያስደንቃል። ከላይ የተቀመጠው ኮክ በክብደቱ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሊጡ በቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ተነፍቶ በዙሪያው ወደ ላይ ይወጣል። ቅቤው በጠርዙ እየተንተከተከ ዳሩን ይጠብሰዋል። ከላይ ቡናማና ተሰባሪ፣ ከመካከል እንደ ኬክ የለሰለሰ፣ ከሥር ደግሞ ወፍራም ጭማቂ ይሆናል። ሦስቱ የሚለያዩት ሳይነኩ ስለተተዉ ነው። የተማሰለ ጊዜ ግን ቅቤው በሊጡ ይጠጣል፣ ጭማቂው ዱቄቱን ያረጥባል፣ የሚገኘውም አንድ ዓይነት እርጥብ ነገር ነው።

ስለ ቅቤውም አንድ ቃል። ለወጥ የተነጠረው፣ ኮረሪማና አብሽ የገባበት ቅቤ ለዚህ አይሆንም፤ መዓዛው ኮኩን ይሸፍነዋል። ያልተቀመመ ለጋ ቅቤ ይጠቀሙ። ከቅመም ወገን ለኮክ የሚስማማው ቀረፋ ነው፣ እሱም በጥቂቱ።

«አዘገጃጀቱን በትክክል ከተከተልኩ የትም ይሳካል»

እኔም እንዲህ አስብ ነበር። አትላንታ ከባሕር ወለል 320 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ለዕረፍት አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ ለቤተሰቤ ያንኑ ልኬት ይዤ ጋገርኩ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሊጡ ከሳህኑ አፍ ተነሣ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ከዚያ መካከሉ ተደርምሶ ገባ። ኮኩም አልበሰለም ነበር።

ምክንያቱ አየሩ ነው። በከፍታ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ጋዝ አብዝቶ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይጠና ቶሎ ያድግና ራሱን መሸከም ያቅተዋል። እርጥበትም ቶሎ ይተናል። ውሃ ደግሞ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፍሬው ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ከሁለት የሻይ ማንኪያ ወደ አንድ ተኩል ወይም ከዚያም በታች ይቀንሱ፣ ከሊጡ ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያንሡ፣ ወተቱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ፣ ኦቭኑን 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ያድርጉ። ኮኩንም ቀድመው ያብስሉ። ጎንደር፣ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ያላችሁም ይህ ይመለከታችኋል። በሁለተኛው ቀን እንዲህ አድርጌ ስጋግር ጸንቶ ወጣ።

«ኦቭን የሌለው ሰው አይሞክረው»

ኮብለርን ያስለመዱት የአሜሪካ ሰፋሪዎች ራሳቸው ኦቭን አልነበራቸውም። ክዳኑ ጠርዝ ባለው ከባድ የብረት ድስት፣ ከሥር ፍም፣ ከክዳኑም ላይ ፍም አድርገው ይጋግሩት ነበር። ይህን ለእኛ ማን ያስተምረናል? ድፎ ዳቦ በእናቶቻችን እጅ የሚጋገረው እሳት ከላይ እሳት ከታች ተደርጎበት አይደለም? ጥበቡ አንድ ነው። ከሥር ጥቂት፣ ከላይ እጥፍ ያህል ፍም ይሁን፤ ከሥር ከበዛ ስኳሩ ያራል። የመስታወት ሳህን ግን ፍም ላይ አይቀመጥም፤ ይፈነዳል።

«ለጾም አይሆንም»

ይሆናል፤ ያውም ያምራል። በ115 ግራም ቅቤ ፋንታ 90 ግራም ያህል ዘይት፣ በወተቱ ፋንታ የአኩሪ አተር ወተት ወይም ውሃ ይግባ። ውሃ ከሆነ ከላይ እንደ ወተቱ አይቀላም፤ ከመጋገሩ በፊት አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢነሰንሱበት ይጠበሳል። ማርጋሪን የሚጠቀሙ ከሆነ ጀርባውን ያንብቡ፤ የወተት ተዋጽኦ የገባበት አለ።

«የዘሩ ውስጥ ፍሬ መዓዛ ይጨምራል»

ይህ ከጣዕም ጉዳይ ያልፋል። የኮክ ዘር ተሰብሮ ከውስጡ የሚወጣው ለውዝ መሰል ፍሬ አሚግዳሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ ሲፈጭ ወይም ሲታኘክ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ያወጣል። ፈጭተው ሊጥ ውስጥ አይጨምሩ፣ ልጆችም እየሰበሩ እንዳይበሉት ይጠብቁ። መዓዛ ከፈለጉ ቫኒላ አለ።

«ትኩስ የሚበላ ነውና ከኦቭን እንደወጣ ይቅረብ»

መድረሱን የሚነግርዎ የሊጡ ቀለም ብቻ አይደለም። ጭማቂው በጠርዙ ብቻ ሳይሆን በመካከልም ሲፈላ፣ አረፋውም ቀስ እያለና እየከበደ ሲነሣ ነው የደረሰው። ኮኩ ውሃ የበዛበት ሆኖ የበቆሎ ስታርች የጨመሩ እንደሆነ፣ ለአንድ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ስታርቹ የሚይዘው ግን መካከሉ በደንብ ከፈላ ብቻ ነው።

ከወጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ጭማቂው የሚወፍረው ሲበርድ ነው፤ ወዲያው የተዛቀ ኮብለር ቀጭን ሆኖ ይፈስሳል፣ የፈላው ስኳርም ምላስ ያቃጥላል። የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ያስገቡና በማግስቱ በ160 ዲግሪ ኦቭን ለ15 ደቂቃ ያሙቁት። ማይክሮዌቭ ያሞቀዋል፣ ነገር ግን ያን የተጠበሰ ዳር ያለሰልሰዋል፤ እኔ ደግሞ የምወደው ዳሩን ነው።