የታሸገ ውኃ የጥራት ቁጥጥር ምንድን ነው?

የታሸገ ውኃ የጥራት ቁጥጥር የሚባለው፣ ለሽያጭ የሚቀርብ ውኃ ከምንጩ ተቀድቶ፣ ተጣርቶና ታሽጎ ጠጪው እጅ እስኪደርስ ድረስ ጤናን የማይጎዳ፣ በመለያውም ላይ የተጻፈለትን ሆኖ የሚገኝ መሆኑን መንግሥት በሕግ የሚያረጋግጥበት ሥርዓት ነው። አርሰኒክ የሚባል መርዝ ያለበት ውኃና የሌለበት ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዱ እኩል ኩልል ብለው ይታያሉ፤ በምላስም አይለዩም። ስለዚህ ጠጪው ራሱ ሊያውቀው የማይችለውን የሚመረምርለት ወገን ያስፈልጋል።

በብዙ አገሮች የታሸገ ውኃ በሕግ ፊት ምግብ ነው። በአሜሪካ የቧንቧን ውኃ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሲቆጣጠር የታሸገው ግን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ድርሻ ነው፤ መለኪያቸውም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የቧንቧ ውኃ ደንብ እርምጃ የሚያስወስድ ያለው የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) መጠን በሊትር 15 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ለታሸገው የተፈቀደው 5 ብቻ ነው። የታሸገ ውኃ በአሮጌ የእርሳስ ቧንቧ ውስጥ አልፎ ቤት ስለማይደርስ ያን ያህል እርሳስ የሚገኝበት ምክንያት የለም።

ለተሕዋስያን የሚደረገው ምርመራም እንዲሁ ጠንከር ይላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከቧንቧ ውኃ 100 ሚሊ ሊትር ተወስዶ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ፈጽሞ እንዳይገኝበት ሲፈለግ፣ ከታሸገው የሚመረመረው 250 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ለወራት ሊቀመጥ ስለሚችል፣ በጥቂት ምግብ መራባት የሚችሉ ባክቴሪያዎች ጊዜ ያገኛሉ።

ሆኖም ያለቀለትን ጠርሙስ መመርመር ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላምንም፤ አደጋው ፋብሪካው ውስጥ ሊፈጠር ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታንያ ዳሳኒ የተባለው ውኃ ለገበያ በቀረበ በሳምንታት ውስጥ ወደ 500,000 የሚጠጉ ጠርሙሶች ከገበያ ተሰብስበዋል። መነሻው የቧንቧ ውኃ ነበር፤ ችግሩም ከእርሱ አልመጣም። ውኃው ከተጣራ በኋላ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል የማዕድን ጨው ተጨመረበት፤ በዚህ ጨው ውስጥ ብሮማይድ የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ነበር፤ ቀጥሎ ጀርም ለመግደል ኦዞን የሚባል ጋዝ ሲነፋበት ብሮማይዱ ወደ ብሮሜት ተለወጠ። ብሮሜት በብዛት ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚሠጋበት ውሁድ ስለሆነ ሕጉ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ አይፈቅድም፤ ከተሰበሰበው ውኃ በከፊሉ የተገኘው ግን ከዚህ በላይ ነበር። ውኃውን ከጀርም ለመጠበቅ የተደረገው ሥራ ራሱ ሌላ ጉዳት አመጣ ማለት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው የሚገባውን ውኃ፣ የሚጨመረውን ማዕድን፣ የኦዞኑን መጠን፣ የጠርሙሱንና የክዳኑን ንጽሕና እያንዳንዱን በየቦታው ማየት አለበት።

መለያው ላይ የሚጻፉት ቃላትም ቢሆኑ ነጋዴው እንደወደደ የሚጠቀምባቸው አይደሉም። «የተፈጥሮ ማዕድን ውኃ» የሚለውን ስም በአውሮፓ ኅብረት የሚያገኘው ከከርሰ ምድር የተቀዳ፣ ከምንጩ ንጹሕ የሆነና በምንም መንገድ ጀርም እንዲገደልበት ያልተደረገ ውኃ ብቻ ነው። አሜሪካ ደግሞ «የማዕድን ውኃ» ለመባል በሊትር ቢያንስ 250 ሚሊግራም የሟሟ ማዕድን ትጠይቃለች። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1981 ለተፈጥሮ ማዕድን ውኃ፣ በ2001 ደግሞ ለሌሎች የታሸጉ ውኃዎች ደረጃ አውጥቷል፤ ይህ ግን በራሱ ሕግ ስላልሆነ እያንዳንዱ መንግሥት ተቀብሎ ማስገደድ ይጠበቅበታል።

በጠርሙሱ አንገት ወይም በመለያው ላይ የሚታተመው የምርት መለያ ቁጥርም የዚሁ ቁጥጥር አካል ነው። ጉድለት በተገኘ ጊዜ በየትኛው ቀንና በየትኛው መስመር የታሸገው ውኃ እንደሚሰበሰብ የሚታወቀው በእርሱ ነውና፣ ቁጥሩ ያልታተመበት ወይም የተፋቀበት ጠርሙስ ውኃው ከገበያ ሲሰበሰብ ሊለይ አይችልም።