ኮንታክትሆፍ፦ አንድ ዳንስ በሦስት ዕድሜ

ኮንታክትሆፍ ጀርመናዊቷ ፒና ባውሽ የሠራችው የዳንስ ቲያትር ነው። መጀመሪያ የታየው ዲሴምበር 9 ቀን 1978 በጀርመን በቩፐርታል ከተማ ኦፔራ ቤት ነው (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ስሙ ከሁለት የጀርመንኛ ቃላት የተገጠመ ነው። "ኮንታክት" ግንኙነት፣ "ሆፍ" ደግሞ ግቢ። ሰው ሰውን ፈልጎ የሚመጣበት ግቢ እንደማለት ነው። ሴተኛ አዳሪዎች ከደንበኞቻቸው ጋር የሚገናኙበት ግቢም በዚሁ ስም ይጠራል ይባላል። ሥራውን ላየ ሰው ሁለቱም ትርጉም ያስኬዳል።

መድረኩን ያዘጋጀው ሮልፍ ቦርዚክ ነው። የድሮ የጭፈራ አዳራሽ ይመስላል፤ ግራጫ ግድግዳ፣ ዳር ዳሩን የተደረደሩ ወንበሮች፣ አንድ ፒያኖ። ሴቶቹ የሚያብረቀርቅ የሳቲን ቀሚስ፣ ወንዶቹ ሙሉ ሱፍ ከነከረባቱ ለብሰዋል። ሙዚቃው በአብዛኛው የ1930ዎቹ ታንጎና ዘፈን ነው።

ገና ሲጀመር ተወዛዋዦቹ ወደ ተመልካቹ ቀረብ ይላሉ። ፊታቸውን ያሳያሉ። ዞረው ጀርባቸውን ያሳያሉ። ጥርሳቸውን ይገልጣሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ገበያ እንደወጣ ከብት። አንጀት ይበላል፤ ለመወደድ ብሎ እንዲህ ቆሞ የማያውቅ ማን አለ?

ከሁሉም የማይረሳው ግን ሌላ ትዕይንት ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማለች። ወንዶች ይከቧታል። አንዱ ይዳብሳታል፣ ሌላው አፍንጫዋን ይነካካል። ሊያጽናኗት የመጡ ይመስላል። እጆቹ ግን አያቆሙም። እየቆየ ርኅራኄው ጥቃት ይሆናል። የቱ ላይ እንደተለወጠ ለመያዝ ያስቸግራል፤ የባውሽ ጥበብም እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቩፐርታል ተመልካች የእሷን ሥራዎች በቀላሉ አልተቀበለም። በር እያጋጨ የሚወጣ ነበር።

በ2000 ባውሽ ይህንኑ ዳንስ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ የከተማዋ ነዋሪዎች ሰጠች። አንዳቸውም ሙያተኛ አልነበሩም። በ2008 ደግሞ ተራው የወጣቶች ሆነ። ከ14 ዓመት ጀምሮ ያሉ የቩፐርታል ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ተለማመዱ። ያሠለጠኗቸው ጆ አን ኤንዲኮትና ቤኔዲክት ቢዬ የባውሽ የረጅም ጊዜ ባልደረቦች ናቸው። ባውሽም እየመጣች ታይ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች ከዚያ በፊት ስሟን እንኳ አልሰሙም። መነካካት ያሳፍራቸዋል፤ ይስቃሉ፣ ይሸሻሉ። ቀስ በቀስ ግን ይደፍራሉ። ይህ ጉዞ በ2010 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ላይ አለ።

እንቅስቃሴው በመሠረቱ አንድ ነው። ሰውየው ሲለወጥ ግን ትርጉሙም አብሮ ይለወጣል። ወጣቷ መዳፏን ስትዘረጋ የሚመጣውን ትጠይቃለች። አዛውንቷ ስትዘረጋ ያለፈው ሁሉ መዳፏ ላይ ይነበባል።

ባውሽ ጁን 30 ቀን 2009 አረፈች። በ2024 ከመጀመሪያዎቹ ተወዛዋዦች አንዷ የሆነችው ሜሪል ታንካርድ የድሮ ጓደኞቿን ሰብስባ ሥራውን እንደገና ወደ መድረክ አመጣችው። አብሯቸውም በ1978 የተቀረጸው የዚሁ ሥራ ፊልም ይታያል። ያረጁት ሰዎች ከወጣትነታቸው ጎን ይወዛወዛሉ፤ በሕይወት የሌሉት በፊልሙ ብቻ ይመጣሉ።