የቀጥታ ስርጭትና የሜዳ ተመልካች፦ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ኳስ አለ። አንዱ ሜዳ ላይ፣ ሌላው ዲኤስቲቪ ቤት። የትኛው ጋ ሰው እንደሚበዛ ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ቴሌቪዥን ከሜዳ ተመልካች ይቀንሳል ወይ? አዎ፣ ይቀንሳል። ግን በብዛት የሚጎዳው የሚተላለፈውን ጨዋታ ሳይሆን ካሜራ ደርሶበት የማያውቀውን ትንሹን ጨዋታ ነው።

ፍርሃቱ የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሎስ አንጀለስ ራምስ የተባለው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1950 የሜዳውን ጨዋታዎች በቴሌቪዥን አሳየ፣ ተመልካቹም ወደ ግማሽ ወረደ። በዓመቱ ስርጭቱን ሲያቆም ሰው ተመለሰ። ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቤዝቦሉ ታሪክ ነው። የትናንሽ ከተሞች ሊጎች እ.ኤ.አ. በ1949 ወደ 40 ሚሊዮን ተመልካች ነበራቸው፤ በ1957 ግን የቀረው 15 ሚሊዮን ገደማ ነው። ምክንያቱ ቴሌቪዥን ብቻ አልነበረም፤ ቢሆንም ትልልቆቹ ቡድኖች ሳሎን ድረስ ሲመጡለት የሰፈሩን ቡድን ለማየት ከቤቱ የሚወጣው ሰው እያነሰ ሄደ።

እንግሊዞች ይሄ እንዳይደርስባቸው ቀድመው ፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የበርንሌይ ክለብ ሊቀመንበር ቦብ ሎርድ ሌሎቹን ክለቦች አሳመነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በነሱ ከ8፡45 እስከ 11፡15 ባለው ጊዜ እዚያው አገር ውስጥ ኳስ በቀጥታ እንዳይታይ ተደረገ። ዓላማው ትናንሽ ክለቦች ከመግቢያ የሚያገኙትን ገንዘብ እንዳያጡ ነው። እና አስቡት፣ በነሱ 9 ሰዓት የሚጀመረውን ጨዋታ ለንደን ያለ ሰው ቤቱ ሆኖ በቀጥታ አያየውም፣ ደብረ ሲናና አጣዬ ያለ ልጅ ግን እንደ ወቅቱ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ በቀጥታ ያየዋል። የነሱ ትንሽ ክለብ ከለላ አለው። የኛ የለውም። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል።

ትልቁ ሊግ ራሱ በቴሌቪዥን አልተጎዳም፣ እንዲያውም ተጠቀመ። ፕሪሚየር ሊግ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጀመር በአንድ ጨዋታ በአማካይ 21 ሺህ ሰው ገደማ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ከ38 ሺህ በላይ ነው። የስርጭቱ ገንዘብ ስታዲየም አሠራ፣ ኮከብ አስመጣ፣ ስክሪን ላይ ያየውም ሰው ሜዳ መሄድ አማረው።

የኛ ፕሪሚየር ሊግስ? በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በዲኤስቲቪ መታየት መጀመሩ መልካም ነበር፣ ክለቦችም ገንዘብ አገኙበት። ግን በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ እንደ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ባሉ ከተሞች በየተራ ተሰባስበው ስለተካሄዱ ደጋፊው ክለቡን በሜዳው ማየት ቀረበት፤ ኮሮናም ነበር። ስለዚህ ለባዶው ወንበር ስክሪኑን ብቻ መውቀስ ልክ አይሆንም።

ወደ ዞናችን ስንመለስ፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ብርዱ ይታወቃል። ሜዳ ላይ ነፋስ ሲመታህ ከመዋል ዲኤስቲቪ ቤት ሻይ ይዞ፣ ከጓደኛ ጋር እየተከራከሩ ማየት ይመረጣል፣ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ለዚህ ነው ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለው የከፍተኛ ሊግ፣ የዞንና የወረዳ ጨዋታዎች የሚጎዱት። እነሱን በቀጥታ የሚያሳይ ጣቢያ ቢገኝ እንኳ ብርቅ ነው፣ ከስርጭት የሚመጣ ገንዘብም የለም፤ ሰው ሜዳ ካልመጣ ምንም አይተርፋቸውም።

አዘጋጆች ቢያንስ ሰዓቱን ማየት ይችላሉ። ቅዳሜ የእንግሊዝ ጨዋታ ከ8፡30 ወይም ከ9፡30 ጀምሮ እስከ ማታ ስለሚደራረብ 10 ሰዓት ላይ ጨዋታ ማውጣት ተመልካችን በገዛ እጅ መሸኘት ነው። እሁድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ጨዋታ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳውን ከበላ በኋላ 8 ሰዓት ላይ የሚጀመር የሰፈር ጨዋታ 10 ሰዓት ሳይሞላ ወይም ሲሞላ ያልቃል፣ ከዚያ ዲኤስቲቪ ቤት መሄድ የፈለገም ይደርሳል።